የድግሱን ዋጋ ማን ይከፍላል?

«ሸምቶ አደር» የሚለው ቃል በጎጃም ደጋ ገበሬ አፍ የምስጋና ቃል አልነበረም። ሸምቶ አደር ማለት የራሱ ማሳ፣ የራሱ በሬ፣ የራሱ ጎተራ የሌለው፣ የዕለት እህሉን ከገበያ እየገዛ የሚኖር ሰው ነው። በጎዛምን ወይም በማቻከል የሚኖር አባወራ ክፉ ዘመን ገጥሞት ጤፍ ቢሸምት ነገሩን በጎረቤት ፊት አያወራውም ነበር፤ መሸመት የመጉደል እንጂ የመሙላት ምልክት አይደለምና። የሰው ክብር የሚለካው በጎተራው ባኖረውና ከጎተራው አውጥቶ ለሰው ባበላው እንጂ ከገበያ ገዝቶ ባመጣው አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የተስፋፋው የሸመታ ሥልጣኔ ይህን ሚዛን ገለበጠው። በዚያ አገር መግዛት እንደ አንድ የዜግነት ሥራ ተቈጠረ። ብዙ የሚገዛ ሰው ለራሱ ደስታን፣ ለጎረቤቱ ሥራን፣ ለአገሩ ብልጽግናን እንደሚያመጣ ተነገረው። ይህ አስተሳሰብ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ የዓባይንም በረሓ ወርዶና ወጥቶ፣ ዛሬ ከደብረ ማርቆስ ሱቆች ደጃፍ ደርሷል። ከዚህም በላይ ይህን መጽሔት የምናነብ የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራንና ተማሪዎች በደመወዝ ወይም በወላጅ ስንቅ የምንኖር በመሆናችን ሁላችንም ሸምቶ አደሮች ነን። የቀድሞው ገበሬ ያዝንለት የነበረው ኑሮ ዛሬ ገበሬው ለልጁ የሚመኘው ኑሮ ሆኗል።

ስለ ሸመታ ሥልጣኔ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛውም ወይ ውግዘት ወይ ውዳሴ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ሁለት የድርሰት ሥራዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠን ነገሩን ልንመረምር እንወዳለን። አንደኛው የአሜሪካዊው የአርተር ሚለር «የሻጩ ሞት» የተባለው ተውኔት ነው፤ ሁለተኛው የጎዛምን ተወላጅ የሆኑት የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ የሸመታን ደግነት ወይም ክፋት የሚለየው የዕቃው ብዛት ወይም ማነስ ሳይሆን ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ መመርመር ነው። ይህንም ጥያቄ ሁለቱ ደራስያን፣ እያንዳንዳቸው ከቆሙበት ስፍራ ሆነው፣ አጥብቀው ጠይቀውታል። የውጭውን አገር ዘመን በአውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን።

በመጀመሪያ የአሜሪካው ነገር እንዴት እንደ ተሠራ ማየት ይገባል፤ ከሕዝቡ ጋር አብሮ የተወለደ ጠባይ አይደለምና። ጦርነቱ በ1945 ሲያልቅ ታንክና የጦር አውሮፕላን ይሠሩ የነበሩት ፋብሪካዎች አውቶሞቢል፣ ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ ወደ መሥራት ተመለሱ። ሠራተኛው በጦርነቱ ዓመታት ደመወዝ እየተቀበለ የሚገዛው ዕቃ በማጣቱ ያጠራቀመው ጥሪት ነበረው። መንግሥትም በ1944 ባወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ ለሚመለሱት ወታደሮች የትምህርት ርዳታና የቤት ብድር ዋስትና ሰጥቶ ነበር። ጥሪት፣ ሥራና ብድር በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ገበያው እንደ ክረምት ወንዝ ሞላ። በ1946 ከ2 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ይል የነበረው የአውቶሞቢል ምርት በ1955 ወደ 8 ሚሊዮን ተጠጋ። በ1950 ከ100 ቤት በ9ኙ ብቻ ይገኝ የነበረው ቴሌቪዥን በ1960 ከ100 ቤት በ87ቱ ገባ። በገዛ ቤቱ የሚኖረው ቤተሰብ በ1940 ከመቶ 44 ያህል ነበር፤ ከ20 ዓመት በኋላ ከመቶ 62 ሆነ።

ነገር ግን ጥሪት ያልቃል፤ ፋብሪካ ግን እንዲቆም አይፈለግም። ስለዚህ ሁለት ነገሮች ተጨመሩ። አንደኛው ዱቤ ነው። ዕቃን ወስዶ ዋጋውን በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል አዲስ ብልሃት አልነበረም፤ በእኛም አገር ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ስሙ የታወቀው የሲንጀር ኩባንያ ከ1850ዎቹ ጀምሮ የስፌት መኪናውን በዚህ ዓይነት ይሸጥ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ልማዱ የጠቅላላው ሕዝብ ኑሮ ሆነ። በ1950 ዳይነርስ ክለብ የተባለው ድርጅት ደንበኛው ገንዘብ ሳይዝ በልቶ የሚሄድበትን ካርድ አወጣ። በ1945 ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ይገመት የነበረው የሸማቾች ዕዳ በ1960 ወደ 56 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። ቫንስ ፓካርድ በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ የማስታወቂያ ሰዎች የሥነ ልቡና ሊቃውንትን እየቀጠሩ የሰውን ፍርሃትና እፍረት እንዴት ወደ ግዥ እንደሚመሩት አጋለጠ። በዓመቱ የኢኮኖሚው ሊቅ ጆን ኬኔት ጋልብሬዝ ፋብሪካው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የዕቃውንም ፍላጎት ጭምር እንደሚሠራ ጻፈ፤ የግለሰቡ ቤት በዕቃ ሲሞላ የሕዝቡ ትምህርት ቤት፣ መንገድና መናፈሻ ግን እንደ ተጎሳቆለ አመለከተ።

ይህን ስንጽፍ የዚያን አገር ሠራተኛ በጎ ኑሮ ማግኘቱን ለመንቀፍ አይደለም። በጠባብ የኪራይ ክፍል ታፍኖ ይኖር የነበረው ሠራተኛ ቤትና ትንሽ የአትክልት ስፍራ ማግኘቱ፣ ሚስቱም ከልብስ ማጠቢያ ገንዳ ጎንበስ ቀና ማለቷ መቅለሉ የሰው ልጅ ደስ ሊለው የሚገባ ነገር ነው። ነገር ግን የሒሳቡን ሌላ ገጽ ማየት ግድ ነው። በ1947 በኒውዮርክ አጠገብ መሠራት የጀመረው ሌቪትታውን የተባለው መንደር ከ17,000 የሚበልጡ አንድ ዓይነት ቤቶች ነበሩት፤ የአዲሱም ኑሮ ምሳሌ ተብሎ በዓለም ሁሉ ተወራለት። ጥቁር አሜሪካዊ ግን፣ ከነጩ ጋር አብሮ የዘመተ ወታደር ቢሆን እንኳ፣ በዚያ መንደር ቤት እንዳይገዛ ተከልክሎ ነበር። እንግዲህ ሸማች ሁሉ እኩል ነው የሚለው ቃል በዚያው በምሳሌው መንደር በር ላይ ፈርሶ ነበር።

«የሻጩ ሞት» በኒውዮርክ መድረክ ላይ የታየው በ1949፣ ይህ ሥልጣኔ ገና በማለዳው ሳለ ነው። በዚያው ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። ባለታሪኩ ዊሊ ሎማን ዕድሜውን ሁሉ በአውቶሞቢል ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ዕቃ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ደራሲው ዊሊ የሚሸጠው ዕቃ ምን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይነግረንም፤ ይህም የተውኔቱ ትልቅ ብልሃት ነው። ሻጩ የሚሸጠው ዕቃ ሳይሆን ፈገግታውን፣ ጨዋታውንና በሰው ዘንድ መወደዱን ነውና ዕቃው ስም አላስፈለገውም። እርጅና መጥቶ ፈገግታው ገዢ ሲያጣ፣ ለብዙ ዘመን ያገለገለው ድርጅት ያሰናብተዋል።

በቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ሚስቱ ሊንዳ የማቀዝቀዣውን፣ የአውቶሞቢሉን ጥገናና የቤቱን ክፍያ እየቈጠረች ትነግረዋለች። ማቀዝቀዣው የተመረጠው ማስታወቂያው ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ስለ ነበረ ነው፤ ግን ዕዳው ሳያልቅ ይበላሻል። በማስታወቂያ ሰውን ሲያሳምን የኖረው ሻጭ በማስታወቂያ ተሸነፈ። በመጨረሻም ዊሊ ለቤተሰቡ የሕይወት መድን ገንዘብ 20,000 ዶላር እንዲደርሳቸው ብሎ በገዛ አውቶሞቢሉ ራሱን ያጠፋል። በመቃብሩ ላይ የሚገኙት እጅግ ጥቂት ናቸው። ሚስቱም የቤቱ የመጨረሻ ዕዳ በዚያው ቀን ተከፍሎ እንዳለቀ ለሟቹ ትነግረዋለች። ቤቱ የራሳቸው ሆነ፤ የሚኖርበት ባለቤት ግን የለም። በዚህ ተውኔት የሸመታውን ዋጋ የከፈለው ሸማቹ ራሱ ነው፤ የከፈለበትም ገንዘብ ዕድሜው ነው።

አርተር ሚለር የአንድን ቤት መከራ በዚህ ኃይል ቢገልጽም ዓይኑን ከቤቱ ውጭ እምብዛም አላወጣም ብለን እንነቅፈዋለን። ማቀዝቀዣውን በፋብሪካ የሠራው ላብ አደር በመድረኩ ላይ የለም፤ በሌቪትታውን በር ላይ የተመለሰው ጥቁር ወታደርም የለም። ስለዚህ ተመልካቹ ለዊሊ አልቅሶ ሲወጣ ነገሩ የአንድ ምኞተኛ ሰው ስሕተት ብቻ ሆኖ ሊታየው ይችላል። ይህን ጉድለት ከሌላ አቅጣጫ የሚሞላልን መጽሐፍ ሩቅ ሳንሄድ ከጎጃም ምድር እናገኛለን።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎዛምን ተወልደው በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፣ ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ጊዜ ዘምተው ተማርከው በግዞት የኖሩ ደራሲ ናቸው። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን በዲፕሎማትነት ሲያገለግሉ ይህ የሸመታ ሥልጣኔ ሲነሣ በስፍራው ነበሩ። የሚለርን ተውኔት አይተውታል ወይም ከእርሱ ወስደዋል ለማለት አንደፍርም፤ እንዲህ ያለ ማስረጃም አያስፈልገንም። የሚደንቀው የቴሌቪዥኑንና የአውቶሞቢሉን አገር ያዩት ሰው ትልቁን ድርሰታቸውን ሲጽፉ ዓይናቸውን ወደ ተወለዱበት ደጋ መመለሳቸው ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር የተጻፈ መጽሐፍ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም። ነገር ግን ስለ ፍጆታም፣ ይኸውም ስለ መብላትና ስለ ማብላት፣ የተጻፈ መጽሐፍ ነው።

የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ የዘራቸውን ታላቅነት ለማሳየት አጃቢ፣ አሽከርና ድግስ ያስፈልጋቸዋል። ለልጃቸው የሚመጣውን ባል ሁሉ በዘር ሚዛን እየመዘኑ ይመልሳሉ። ፊታውራሪ ከሱቅ የሚገዙት ነገር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አንባቢ ከዊሊ ሎማን ጋር አንድ አድርጎ ላያያቸው ይችላል። ሆኖም የሁለቱ ምኞት አንድ ነው፤ በሰው ዓይን ከፍ ብሎ መታየት። ልዩነቱ በከፋዩ ላይ ነው። ዊሊ የሚገዛው በነገ ጉልበቱ ነው፤ ፊታውራሪ የሚደግሱት በገበሬው ጎተራ ነው። ገበሬዎቹ ከልማዱ በላይ የሆነ ነገር በተጠየቁ ጊዜ እንቢ አሉ። ፊታውራሪም ክብሬ ተነካ ብለው ሊወጓቸው ዘመቱ፤ ግን በአበጀ በለው መሪነት የተነሡት ገበሬዎች ማረኳቸው።

ደራሲው በዚህ ቦታ ያደረጉት ነገር በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ከፍተኛ ስፍራ የሚሰጠው ይመስለናል። ከዚያ በፊት ድግስ በብዙ ጽሑፍ ውስጥ የደግነት ምልክት ነበር፤ ጠጁ ይፈስሳል፣ ሙክቱ ይታረዳል፣ ባለቤቱ ይመሰገናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ከአዳራሹ ወጥተው ጠጁና ሙክቱ የመጡበትን መንገድ ተከትለው እስከ ገበሬው ደጅ ወረዱ። ምስጋናው ለአንዱ፣ ሸክሙ ለሌላው መሆኑን አሳዩ። የፊታውራሪ ዘመድ የሆነው ጉዱ ካሣ የእብድ ስም የተሰጠው የክብሩ መሠረት የሌላው ሸክም መሆኑን አጥርቶ ስለ አየና ስለ ተናገረ ነው። ሚለር በመድረኩ ያላመጣውን ሰው፣ ከፋዩን፣ ሐዲስ አምጥተው በፊታችን አቆሙት።

ቢሆንም ይህንም መጽሐፍ ሳንነቅፍ አናልፍም። ደራሲው ገበሬው አልሰጥም ማለቱን በግሩም ሁኔታ ያሳዩናል፤ ያልሰጠውን እህል ሸጦ ምን ሊገዛበት እንደሚወድ ግን እምብዛም አያሳዩንም። ገበሬው የሚበደልና የሚቈጣ ሰው ሆኖ እናየዋለን፤ የሚመኝ ሰው ሆኖ ግን ብዙ አናየውም። ይህ ጉድለት ዛሬ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በከተማ የምንኖር ጸሐፊዎች ስለ ሸመታ ስንጽፍ የገበሬውን ምኞት እንደ ብልግና፣ የራሳችንን ግን እንደ ሥልጣኔ ማየት ለምዶብናልና።

እስቲ የገበሬውን ግዥ እንመልከት። ከአማኑኤል፣ ከሉማሜ ወይም ከቢቸና አካባቢ ጤፉን ሸጦ የተመለሰ አባወራ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚያስበው የቆርቆሮ ክዳን ነው። የሣር ክዳን በየጊዜው ይታደሳል፣ ያፈስሳል፣ እሳትም ያሰጋዋል። የሞተር ወፍጮ በመጣበት ቀበሌ ሴቲቱ በሌሊት ተነሥታ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ማጎንበሷ ቀርቷል። የፕላስቲክ ጀሪካን ከሸክላ እንስራ ይቀልላል፣ ቢወድቅም አይሰበርም። በፀሐይ ኃይል የሚሠራው መብራት በኩራዝ ጢስ ያነብ የነበረውን ተማሪ ዓይን አሳርፏል። እነዚህ ሁሉ የሸመታ ዕቃዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከባዕድ አገር የመጡ ናቸው። ነገር ግን ዋጋቸውን የከፈለው የተጠቀመባቸው ሰው ራሱ ነው፤ የከፈለውም ካመረተው ነው፤ ካገኘውም ጥቅም ትልቁ ድርሻ ሸክሙ ይበዛባት ለነበረችው ለሴቲቱ ደርሷል። የእንስራ ሠሪዋ ገበያ መጥበቡ አይካድም፤ እርሷም በዚህ ሒሳብ ውስጥ መታሰብ አለባት። በጠቅላላው ግን ይህን ግዥ ዕቃ ማምለክ ብሎ የሚጠራ ሰው በድንጋይ ወፍጮ ያልፈጨ ሰው ብቻ ነው።

ሬዲዮንም መርሳት አይገባንም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ጆሮ የደረሰው ታላቁ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ባነበበው ጊዜ ነው። አንድ ትንሽ የሸመታ ዕቃ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ የጎጃምን ታሪክ ለጎጃም ገበሬ መልሶ ነገረው። እንግዲህ ዕቃ በራሱ የሰውን ማኅበር አያፈርስም፤ ሊሰበስብም ይችላል።

ወደ ከተማችን ስንመለስ ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በአማርኛ «ከማን አንሼ» የሚባል አጭር ቃል አለ፤ የአሜሪካ የማስታወቂያ ሊቃውንት በብዙ ገንዘብ ያስጠኑትን የልብ ምሥጢር ሕዝባችን በሁለት ቃል ጨርሶታል። ሠርግ ሲደረስ የሚሆነውን እንመልከት። ቀድሞ በዳስ ይደረግ የነበረው ድግስ ላይ የአዳራሽ ኪራይ፣ የቪዲዮ ቀረጻ፣ የቬሎና የአውቶሞቢል ኪራይ ተጨምሮበታል። የቀድሞው ግን አልቀረም፤ በሬው ይታረዳል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ሕዝቡ ይጠራል። አዲሱ የአሜሪካ ልማድ አሮጌውን የፊታውራሪ መሸሻን ልማድ አላስወጣም፤ ሁለቱ በአንድ ቤት ተቀመጡ። አሜሪካዊው ከጎረቤቱ እኩል ለመሆን ይገዛ ነበር፤ ፊታውራሪ ከሰው በላይ ለመሆን ይደግሱ ነበር፤ የዛሬው ሙሽራ ግን በአንድ ቀን ሁለቱንም እንዲሆን ይጠየቃል።

ከፋዩ ማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱም ድርብ ነው። ሙሽራው የመንግሥት ሠራተኛ ወይም መምህር እንደ ሆነ የሚመጣውን ወራት ደመወዝ አስቀድሞ በልቶታል፤ በዚህ ዊሊ ሎማንን ይመስላል። የጎደለውን ደግሞ በገጠር ያለው አባት በሬ ወይም እህል ሸጦ ይሞላል፤ በዚህ የፊታውራሪን ገበሬ ይመስላል። የቀድሞው ገበሬ ግን እንቢ ማለት ይችል ነበር፤ ጠያቂው ባዕድ ጌታ ነበርና። የዛሬው አባት ለገዛ ልጁ እንቢ እንዴት ይበል? የሚያስፈራው ይህ ነው። ግብሩ በአዋጅ ሳይሆን በፍቅርና በይሉኝታ ስለሚሰበሰብ አበጀ በለው የሚሸፍትበት ምክንያት አያገኝም።

ዱቤውም ዛሬ እንደ ቀድሞው ከባለሱቅ መዝገብ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድር፣ «ሳንዱቅ» የተባለውን ቁጠባና «እንደኪሴ» የተባለውን አገልግሎት አወጣ። «እንደኪሴ» ገዢው በሒሳቡ ያለው ገንዘብ ሲያንሰው ጎዶሎውን በብድር ይሞላለታል። ለታመመ ሰው መድኃኒት ወይም ለነጋዴ ሴት የዕለት ዕቃ መግዣ ሲሆን ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን «እንደ ኪሴ» ማለት በአባቶቻችን አነጋገር በኪስ ባለው ልክ መኖር ማለት ነበር፤ አሁን ኪስ ሲጎድል የሚሰጥ ብድር ስም ሆነ። የ1950ው የአሜሪካ ካርድ በአማርኛ ስም መጥቶልናል፤ ከቃሉ ጋር ግን ትርጉሙ እንዳይገለበጥ መጠንቀቅ ይገባል።

ሌላም ከባድ ልዩነት አለ። የአሜሪካው ሠራተኛ ማቀዝቀዣ ሲገዛ ገንዘቡ ወደ ገዛ አገሩ ፋብሪካ ተመልሶ የጎረቤቱ ደመወዝ ይሆን ነበር። እኛ የምንገዛው ጌጥና መሣሪያ አብዛኛው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት አውቶሞቢልን ጨምሮ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይሰጥ አግዶ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እገዳው ተነሥቶ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምንዛሪ ለውጥ የሩቅ ባንክ ወሬ የሚመስለው ሰው በደብረ ማርቆስ የዘይቱንና የማዳበሪያውን ዋጋ ይጠይቅ። ለታይታ በወጣው ዶላርና ለማዳበሪያ በሚያስፈልገው ዶላር መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ከረጢት ይወጣሉና። የሸማኔውም ነገር ከዚሁ ጋር ይታሰብ። በባዕድ ፋብሪካ የታተመ የጥበብ አምሳያ ገበያውን ሲሞላው ሙሽራዪቱ የአገር ልብስ የለበሰች ይመስላታል፤ ሸማኔው ግን ከጉድጓዱ ሳይወጣ ገበያ ያጣል።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ እንደሚነሣብን እናውቃለን። አንደኛው፣ ድግስ ባህላችን ነው፣ ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ነው፣ ይህን መንቀፍ ፈረንጅ መሆን ነው የሚል ነው። ለዚህ የምንመልሰው ከባህላችን ራሱ ነው። ዕቁብ የሚጥሉ ሰዎች ዕቃ ለመግዛት ይተባበራሉ፤ መጀመሪያ የደረሰው የጓደኞቹን ገንዘብ ያለ ወለድ ይወስዳል፤ ዕዳው ግን ለማያውቀው ድርጅት ሳይሆን ፊቱን ለሚያየው ሰው ነው። ዕድርም የኀዘንን ወጪ በሁሉ ትከሻ ያካፍላል። ከፋዩ ማን እንደ ሆነ ሁሉ የሚያውቅበት ሥርዓት ስለ ሆነ እነዚህን እናከብራለን። የምንነቅፈው ከፋዩ የተሰወረበትን ድግስ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉትም አባቶቻችን እንጂ ፈረንጆች አይደሉም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ብርቱ ነው። እናንተ ደመወዝተኞች የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ካገኛችሁ በኋላ ለድኻው ትዕግሥት ትሰብካላችሁ የሚል ነው። ይህ ነቀፋ በብዙ ጸሐፊዎች ላይ በእውነት የሚያርፍ ነው። ስለዚህ ምክራችንን ወደ ገበሬው ሳይሆን ወደ ራሳችን እናዞራለን። በአንድ ወረዳ ውስጥ የኑሮ ልክ የሚወጣው ከሹሙ፣ ከመምህሩና ከነጋዴው ቤት ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ልጁን በልኩ ቢድር ከሥሩ ያሉት ሠራተኞች ያለ እፍረት በልካቸው ይድራሉ። መምህሩ በተማሪው ጫማና ስልክ ሳይሆን በትጋቱ ፊት ቢያሳየው፣ የቆሎ ስንቅ ይዞ ከገጠር የመጣው ልጅ አባቱን በግ አሽጦ ስልክ አያስገዛም። ይህ ትልቅ ሕግ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ ግን ክብርን ይጠይቃል፤ ክብር ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ለመስጠት የሚከብድ ሆኖ እናየዋለን።

ለደራስያን ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለን። በአዳዲስ ልቦለዶቻችን ውስጥ ቤቱ፣ አውቶሞቢሉና ስልኩ የባለታሪኩን ደረጃ ለማሳየት ይዘረዘራል፤ ዋጋው ግን አይጻፍም። ድኻው ባለታሪክ ሲመኝ ይሣቅበታል፤ ሀብታሙ ሲገዛ ይደነቅለታል። ከሚለር የምንማረው የአንድ ማቀዝቀዣ ወርኃዊ ክፍያ የሰውን ነፍስ ለማሳየት እንደሚበቃ ነው። ከሐዲስ ዓለማየሁ የምንማረው የጠጁን መንገድ ተከትሎ እስከ ገበሬው ደጅ መውረድን ነው። ገና ያልተጻፈልን ደግሞ የሦስተኛው ሰው ታሪክ ነው፤ ይኸውም ራሱ ካመረተው ሸጦ ለሚስቱ ሸክም ማቅለያ ሊገዛ የሚመኘው፣ ለልጁ ሠርግ ግን በሬውን እንዲሸጥ የሚጠየቀው የጎዛምን ገበሬ ታሪክ።

በትምህርት ቤት ይህን ለመጀመር ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። መምህሩ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» የገበሬዎቹን እንቢታ ካስነበበ በኋላ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በዘመዱ ወይም በጎረቤቱ ቤት ያየውን አንድ ድግስ፣ የማንንም ስም ሳይጠራ፣ እንዲጽፍ ይዘዘው። በጽሑፉም ውስጥ የበሬው፣ የጤፉ፣ የዘይቱ፣ የልብሱና የኪራዩ ነገር ተራ በተራ ይግባ፤ በእያንዳንዱም ፊት ከየት እንደ መጣ፣ በማን እጅ እንደ ተሠራና ማን እንደ ከፈለ ይጻፍ። ተማሪው የመጨረሻውን መስመር ለመሙላት አባቱን መጠየቅ ይኖርበታል፤ አባትም ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ይነግረዋል።